ከደቦ እስከ ቢሮ፦ የሥራ ጫናና የሠራተኛ ደኅንነት ታሪክ በምዕራብ ጎጃም



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሥነ ልቦናና የሥራ አመራር ምሁራን የሚወያዩበት ነው፤ በሥራ ቦታ ስለሚደርስ ጭንቀትና ስለ መከላከያው። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ ስለ ሕክምናው የምለው አይኖረኝም። ነገር ግን ሥራ ታሪክ አለው፤ የሥራ ድካምም፣ የድካሙ ማስታገሻም ታሪክ አላቸው። ስለ ሥራ ቦታ ደኅንነት በሚሰጡ ሥልጠናዎች ላይ በተገኘሁ ቁጥር የማስተውለው፣ ጉዳዩ ትናንት ከውጭ እንደመጣ፣ ከዚህ ምድር ሰው ልማድ ጋር እንደማይተዋወቅ እንግዳ ዕውቀት ሆኖ መቅረቡን ነው። ሠልጣኙም በመጨረሻ ይዞ የሚወጣው በጥልቀት ተንፍስ፣ ስፖርት ሥራ፣ በጎ በጎውን አስብ የሚል ምክር ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም። ይሁን እንጂ ጭንቀቱን የሠራተኛው የግል ድክመት፣ መፍትሔውንም የሠራተኛው የግል ዕዳ ያደርገዋል።

የእኔ መከራከሪያ ከዚህ ይለያል። የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የአካባቢያቸው ገጠር የሥራ ታሪክ እንደሚያሳየው፣ ሰው ከባድ ሥራን ሳይሰበር ሲሠራ የኖረው ልቡ ጠንካራ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ሥራው ራሱ የተደራጀበት መንገድ ሸክሙን ስለሚያቀልለትም ነው። ጭንቀቱ የከፋውም ያ አደረጃጀት ሲፈርስ፣ ወይም ይዘቱ ጠፍቶ ስሙ ብቻ ሲቀር ነው።

ከቃላት ልነሣ። በአካባቢያችን አንድን ሰው ስናመሰግን «ሆደ ሰፊ ነው» እንላለን። ቻይ፣ ታጋሽ፣ የደረሰበትን በሆዱ የሚይዝ ማለታችን ነው። በዚያው አንደበት ግን «ብሶት» የሚል ቃልም አለን። ጭንቀት ከሰው ጋር ብቻውን ያድራል፤ ብሶት ግን ሰሚ ይፈልጋል። ሲነገር ይቀላል፤ ታፍኖ ሲቆይ ይገነፍላል። የገጠሩ ማኅበረሰብ ከሰው የሚጠብቀው ሁለቱንም ነበር፤ እንዲችልም፣ ብሶቱን በቦታውና በወጉ እንዲተነፍስም። የዛሬው መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን ወርሶ ሁለተኛውን የተወ ይመስለኛል። በብዙ ቢሮዎች መልካም ሠራተኛ የሚባለው የማያማርረው ነው።

ወደ ኋላ ከመመልከታችን በፊት መመዘኛ ያስፈልገናል። አሜሪካዊው ምሁር ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ጥናት፣ ሠራተኛን የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻውን እንዳልሆነ አስረዳ። ጉዳቱ የሚበረታው ከፍተኛ ጫና ከአነስተኛ የመወሰን ሥልጣን ጋር ሲጣመር ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የባልደረቦችን ድጋፍ እንደ ሦስተኛ መለኪያ ጨመሩበት። በጀርመን አገር ያስተማረው ዮሃንስ ዚግሪስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረበው ሐሳብ፣ በልፋትና በሚገኘው ዋጋ መካከል ያለው ሚዛን መዛባት ራሱ የሕመም ምንጭ መሆኑን አሳየ። ዋጋ ሲል ደመወዝን ብቻ ማለቱ አልነበረም፤ ክብርንና የነገ ዋስትናንም ይጨምራል። እንግዲህ ሦስት ጥያቄዎች ይዘን እንነሣ። ሠራተኛው በሥራው ላይ ምን ያህል ይወስናል? አጠገቡ ማን አለ? ለልፋቱስ ምን ይመለስለታል?

በጃቢ ጠህናንም ሆነ በቡሬ ዙሪያ የእርሻ ሥራ ከባድ ነው። የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት ደጋግሞ ይታረሳል። ዳጉሳና በቆሎ ከአረም ካልተጠበቁ ምርታቸው ይቀንሳል። በርበሬ ችግኙ ከመደብ ተነቅሎ ማሳ ላይ ከሚተከልበት ቀን ጀምሮ ተለቅሞ እስኪደርቅ ድረስ የሰው እጅ ይፈልጋል። አዝመራው ሲደርስም ያልታሰበ ዝናብ ወይም በረዶ የዓመቱን ልፋት በአንድ ከሰዓት ሊያጠፋው ይችላል። ጫናው ከፍተኛ፣ ጊዜው አጭር፣ ውጤቱም አስተማማኝ ያልሆነ ሥራ ነው።

ይህን ጫና ገበሬው ብቻውን አልተሸከመውም። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ እየተጣመረ በተራ ያርሳል። ወንፈል የቀን ብድር ነው፤ ዛሬ በአንተ ማሳ ላይ የዋልኩትን ቀን ነገ በእኔ ማሳ ላይ ትመልስልኛለህ። ደቦ ደግሞ ባለ ማሳው ጠላና እንጀራ አዘጋጅቶ ጎረቤቱንና ዘመዱን የሚጠራበት የሥራ ጉባኤ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው አባባል በዚህ ኑሮ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሦስቱ ጥያቄዎች ስንመዝነው፣ ወንፈል የገባው ሰው ከማን ጋር እንደሚገባ ራሱ ይመርጣል፤ አጠገቡ የሚያውቀው ሰው አለ፤ የሠራው ቀንም ተቆጥሮ ይመለስለታል። የሥራው ፍጻሜም የታወቀ ነው። ማሳው ሲታጨድ ደቦው ያበቃል፤ ሰውም ይበላል፣ ይጠጣል፣ ወደ ቤቱ ይገባል።

በደቦ ላይ ዘፈን አለ። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ማጭዱም በዜማው ልክ ይሄዳል። ዘፈኑ ድካምን ከማስረሳት ያለፈ ተግባር ነበረው። በሬው ይሞገሳል፣ ሰነፉ ይወጋል፣ ጠላዋ የቀጠነባት ባለቤት ትነካለች፣ ፍርድ ያጓደለ ዳኛም ሳይቀር ይታማል። ፊት ለፊት ቢነገር የሚያጣላው ነገር በዜማ ሲነገር ይታለፋል፤ ሰሚውም ነገሩን ይዞ ይሄዳል። ብሶት በሥራው ሰዓት፣ በሥራው ቦታ፣ በሠራተኞቹ ፊት ይወጣ ነበር ማለት ነው።

ዕረፍትም እንዲሁ ለግለሰቡ ፈቃድ የተተወ አልነበረም። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450 በተደረገው የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም ሰንበቶች እንዲከበሩ ተወሰነ። ውሳኔው የሃይማኖት ክርክርን ለመቋጨት የተሰጠ ነበር፤ በሥራ ታሪክ ዐይን ሲታይ ግን ለአራሹም ለበሬውም የሳምንት ዕረፍት ያጸና ድንጋጌ ነው። በየወሩ የሚውሉት በዓላትም አሉ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። የልማት ባለሙያዎች የበዓላቱን ብዛት እንደ ምርት እንቅፋት ሲወቅሱት ኖረዋል፤ ወቀሳው መሠረት የለውም አልልም። ሆኖም በዓል ማለት ሥራ መፍታት ብቻ አልነበረም። ማኅበርና ሰንበቴ የሚጠጣው፣ የተጣላው የሚታረቀው፣ ሐዘንተኛው የሚጠየቀው በዚያ ቀን ነው። ዕረፍቱ የጋራ ስለነበረ ያረፈ ሰው አልታማም፤ ሲያርፍም ጎረቤቱ ቀድሞት ይሄዳል ብሎ አልሰጋም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ያለፈውን ዘመን ገነት አድርጎ መሣል የታሪክ ሙያ አይደለምና። ደቦ ሲጠራ ጠላውን የምትጠምቀው፣ እህሉን የምትፈጨው፣ ውኃውን ከወንዝ የምትቀዳው ሴት ናት። የወንዱ ድካም በደቦ ሲቀል የእርሷ ይጨምራል። በዓልም ቢሆን ሞፈርን እንጂ ምድጃን አያሳርፍም። ለሴቷ በወግ የተከበረላት ትልቁ ዕረፍት የአራስነት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ጎረቤት ገንፎ ያገነፋል፣ ዘመድ ውኃ ይቀዳል። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው የሁሉንም ቤት የሚያገለግል ሥራ እየሠሩ ቡዳ በሚል ስም ከማኅበሩ ዳር ይቆሙ ነበር። በጎጃም ብዙው ገበሬ ባለ ርስት ቢሆንም፣ ለባለ ጉልት የሚሰጠው የጉልበት አገልግሎት ፈቃድ የተጠየቀበት አልነበረም። ርስቱ ራሱም ሰላም አይሰጥም። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ጥናት ያካሄደው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ርስት በአባትም በእናትም ወገን ስለሚጠየቅ ክርክሩ ማብቂያ አልነበረውም። እንግዲህ በአንድ መንደር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥራ ጎን ለጎን ይኖር ነበር፤ በፈቃድና በመመላለስ የሚሠራ፣ እንዲሁም በግዴታ የሚሠራ። ላቡ አንድ ዓይነት ነው፤ በሰው ልብ ላይ የሚጥለው ነገር ግን ይለያያል።

ልዩነቱን አጉልቶ ያሳየን የደርግ ዘመን ነው። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የባለ ጉልትን ሥልጣን አስቀረ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የገበሬዎች አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በመንግሥት መመሪያ መደራጀት ጀመሩ። መልባና ወልባ የሚባሉት ደረጃዎች የዚያ ዘመን ቃላት ናቸው። አንድ ላይ ማረስ፣ አንድ ላይ ማጨድ፣ ምርቱንም መከፋፈል፤ ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ይህ ደቦ ነው። ነገር ግን ሰው ከማን ጋር እንደሚሠራ አይመርጥም፤ ልፋቱ በሥራ ነጥብ ተመዝግቦ በዓመቱ መጨረሻ ይሰላል፤ ምን እንደሚዘራ የሚወሰነውም ከበላይ ነው። ጌቴ ገላዬ የተባሉት ተመራማሪ በምሥራቅ ጎጃም በየትኖራ፣ እጅግ ከተወደሱት የአምራች ማኅበራት በአንዱ፣ የገበሬዎቹን ቃል ግጥም አጥንተዋል። በጥናቱ ውስጥ የምናገኘው በሪፖርት ያልተነገረውን ቅሬታ ነው፤ ገበሬው ለስብሰባ ያልተናገረውን በግጥም ተናግሮታል። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ ገበሬው ከፈለገ ማኅበሩን ማፍረስ እንደሚችል ሲነገረው፣ አብዛኞቹ ማኅበራት በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ደቦና ወንፈል ግን ከዚያ በኋላም ቀጥለዋል። ሰው አብሮ መሥራትን አልጠላም፤ የጠላው መርጦ ያልገባበትን፣ መልሱንም የማያየውን አብሮ መሥራት ነው።

አሁን ወደ ቅጥር ሥራ እንምጣ። ዛሬ በአንድ የምዕራብ ጎጃም ቀበሌ ውስጥ መምህሩ፣ የግብርና ልማት ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደመወዝተኞች ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ፣ በአማካይ ለ5,000 ሰው፣ ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመደቡ፤ የሚያስተምሯቸውም 16 ፓኬጆች ነበሩ። ፕሮግራሙ በእናቶችና በሕፃናት ጤና ያስገኘው ውጤት የታወቀ ነው። ሆኖም ሥራውን ከሠራተኛዋ ወገን ሆነን እንየው። አንዲት ወጣት ከቤተሰቧ ርቃ በእግሯ ከመንደር መንደር ትዞራለች። የሥራዋን ግብ ሌላ ሰው ይወስናል። ሪፖርት የሚጠይቃት ወረዳው ነው፤ ቀበሌውም በየዘመቻው ይጠራታል። ጫናው ከፍተኛ፣ የመወሰን ሥልጣኗ አነስተኛ፣ ባልደረባዋም አንዲት ብቻ ናት። ካራሴክ ይህን ሥራ ቢያየው የት እንደሚመድበው መገመት አያስቸግርም።

በዚሁ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ብዙ የአሠራር ለውጦች ገቡ፤ መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮር ምዘና፣ አንድ ለአምስት አደረጃጀት፣ ግምገማ። እያንዳንዳቸው በጎ ዓላማ ተሰጥቷቸዋል። እንደ ታሪክ መምህር የሚያስገርመኝ ግን ቃላቱ ምን ያህል ከደቦ እንደተዋሱ ነው፤ ትብብር፣ መደጋገፍ፣ የጋራ ዕቅድ። አንድ ለአምስት ቁጥሩ የደቦ ቡድን ይመስላል፤ ነገር ግን ስም ዝርዝሩ ከላይ ይወርዳል፣ ቡድኑም የአባሉን ድክመት ወደ ላይ ያሳውቃል። ግምገማ የብሶት መድረክ ሊሆን ይችል ነበር፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሠራተኛው ጉድለት በባልደረቦቹ ፊት የሚቆጠርበት ሆነ። በደቦ ዘፈን ድሃው ዳኛውን ይነካል፤ በግምገማ ግን ንግግሩ የሚወርደው ከላይ ወደ ታች ነው። ቡድን ድጋፍ የሚሆነው የሚደግፍህ ሰው ስለ አንተ ሪፖርት የማይጽፍ ሲሆን ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። ከ1954ቱ የሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ እስከ አዋጅ ቁጥር 64/1968፣ 42/1985፣ 377/1996ና 1156/2011 ድረስ ያለው የሕግ ሰንሰለት የሠራተኛን መብት ቀስ በቀስ ዘርዝሯል። በሥራ ላይ ያለው አዋጅ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ፣ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ይሰጣል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ የሳምንቱ የሥራ ሰዓት ከ39 እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ከሁሉ በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው፣ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የአሠሪውን ግዴታ ሲዘረዝር፣ የሥራው ሂደት የአካል፣ የኬሚካልና የሥነ ሕይወት አደጋ ብቻ ሳይሆን የሥነ ልቦና ጉዳት ምንጭም እንዳይሆን መጠንቀቅ እንዳለበት ማስቀመጡ ነው። ስለዚህ የሠራተኛ ጭንቀት የአሠሪ ደግነት ጉዳይ አይደለም፤ የሕግ ግዴታ ነው። ማሽን ያለ መከለያ ሲሠራ የሚያይ ተቆጣጣሪ ይጽፋል። ሠራተኛ በእሑድ ለስብሰባ ሲጠራና በሌሊት በስልክ ሲታዘዝ ግን ማንም አደጋ ብሎ አይመዘግበውም።

ይህ ለቡሬ የነገ ጥያቄ ነው። ቡሬ ከአባይ ማዶ ጋር በሚያገናኘው መንገድ ላይ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። አሁን በአገሪቱ በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንዱ መቀመጫው እዚያ ነው፤ ትልቅ የምግብ ዘይት ፋብሪካም አለ። ወደ ፋብሪካው የሚገባው ወጣት የገበሬ ልጅ ነው። የሥራ ቀኑን በፀሐይና በበዓል ሲቆጥር ያደገ ሰው በፈረቃ ይቆጥራል፤ ሚካኤል ቢውልም መስመሩ አይቆምም። ፋብሪካን በበዓል ዝጉ አልልም። ነገር ግን የጋራ ዕረፍት ሲቀር በምትኩ ምን እንደገባ ካልጠየቅን፣ ከወጣቱ የወሰድነውን እንኳ ሳናውቅ እንቀራለን።

በመጨረሻም ያለንበትን ጊዜ ሳልጠቅስ ብወርድ ይህ ንግግር ሐቀኛ አይሆንም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልላችን ከተከሰተው ግጭት ጋር ተያይዞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን በፍኖተ ሰላም በደረሰው ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዜና ወኪሎች የሆስፒታል ምንጭን ጠቅሰው ዘግበዋል። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት የሆነው ከተማ ያን ቀን ቁስለኛ ስታስተናግድ፣ ቁስለኛውን የተቀበለው ነርስ፣ ሐኪሙ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ በሥራ ላይ ነበሩ። እነርሱም የዚያው ከተማ ነዋሪዎች ናቸው፤ የመጣው ቁስለኛ ጎረቤታቸው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋና ሲከፈት የመንግሥት ሠራተኛው ሥራውን ከፍርሃት ጋር ሲሠራ ኖሯል። ግጭትን የሥራ አመራር አያስቆመውም። መሥሪያ ቤት ግን በዚህ ሁሉ ላይ የራሱን ጫና መጨመር ወይም አለመጨመር ይችላል።

ሕክምና ብቻውን አያደርሰንም። በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ ልዩ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። የገጠሩ ሰው መጠጊያ ጸበልና ዘመድ ሆኖ ቆይቷል። ሐኪም በራቀበት አገር መከላከል የቅንጦት ነገር ሊሆን አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ምክንያት የሚመጣውን የመንፈስ መዛል በበሽታዎች መዝገብ ሲያሰፍረው፣ በሽታ ብሎ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው። ምንጩ በሥራው ዘንድ ነው፤ መፍትሔውም ከዚያው ይጀምራል።

ከታሪኩ የምወስደው ትምህርት ደቦን በፖስተር ላይ መጻፍ አይደለም፤ ያ በየትኖራ ተሞክሯል። ሦስቱን ጥያቄዎች ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን እንውሰዳቸው። የዓመቱ ግብ ሲወሰን ሥራውን የምትሠራዋ ትጠየቅ፤ ስንት ቤት በስንት ቀን እንደሚዞር የምታውቀው እርሷ ናትና። ሩቅ ቀበሌ መመደብ ተራ ይኑረው፤ የሄደ መቼ እንደሚመለስ፣ ማን እንደሚተካው አስቀድሞ ይወቅ። ወንፈል የሚያስተምረን ይህንን ነው። የሠራተኛው ብሶት የሚሰማበት ጉባኤ ከግምገማው ይለይ፤ እዚያ የተነገረ ነገር በማኅደር አይግባ። ዕረፍት የጋራ ይሁን፤ በእሑድ የሚጠራ ስብሰባ የሚያስመሰግን ትጋት መሆኑ ቀርቶ፣ ምክንያቱ የሚጠየቅበት ጉድለት ይሁን። ሕጉ ለሐዘን የሚሰጠው የሦስት ቀን ፈቃድ ለቀብሩ ይበቃ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ሐዘንተኛውን መጠየቅና ሥራውን ለጊዜው መካፈል የባልደረቦቹ ፈንታ ነው። በሁሉም ዘንድ ደግሞ የሴቷ ሸክም ተለይቶ ይታይ፤ የጥንቱ ሥርዓት እርሷን ረስቶ ነበርና የእኛ እንዳይደግመው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቀበሌ፣ የትምህርት ቤት፣ የጤና ጣቢያ ወይም የፋብሪካ ኃላፊዎች ትሆናላችሁ። በሥራችሁ ሥር ያለ ሰው ሲደክም አይታችሁ «ምን ነካው?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ሥራውን እንዴት እንዳደራጃችሁት ጠይቁ። የቀደሙት አባቶቻችን ማሳው ሲሰፋ ሰው ጠሩ እንጂ አንዱን ገበሬ በርታ ብለው ብቻውን አልተዉትም።

 አሁን ለጥያቄና ለውይይት መድረኩን እለቃለሁ።